ከባለ አራቱ ወደ ባለ ሁለቱ

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። እኩዮቹ «ሐር» ይሉታል፤ ታናናሾቹ «ጋሽ ሐር»። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ናሙና የምትቀበለው ባለሙያ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከአምስት ክሊኒኮች የተቀዳ ደም በሞተር ሳይክል እየጫነ ሲያመጣ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ብልቃጦቹ ሲታዩ የተናወጠ አይገኝባቸውም ነበር። «ይሄ ደም ሐር ላይ ተኝቶ ነው የመጣው» አለች አንድ ቀን፤ በዚያው ጸደቀ።

ደም ማመላለስ ከሩቅ ሲያዩት ፖስታ ከማድረስ አይለይም። ልዩነቱ የሚታወቀው ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። ብልቃጡ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲሽከረከር፣ ጤናማው ደም ከታች ይረጋና ከላዩ ጥርት ያለ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። በመንገድ የተናወጠው ግን ሕዋሶቹ ስለሚሰበሩ የላይኛው ፈሳሽ ቀላ ይላል። ቀላ ካለ ለብዙ ምርመራ አይሆንም፤ በተለይ የፖታሲየሙ ልክ ከእውነቱ በላይ ይወጣና ሐኪሙን ያሳስታል። ስለዚህ ብልቃጡ ይጣላል፤ በሽተኛው ይጠራል፤ እንደገና ይወጋል።

የሐር እጅ የለሰለሰው ግን በደም ሳይሆን በመስታወት ነው። አባቱ መስታወት ቆራጭ ነበሩ። ሐር ከትምህርት ቤት እንደወጣ ለመስኮት የተቆረጠውን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በብስክሌት ጭኖ ለባለቤቶቹ ያደርስ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ የሰበረው ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛውንም የሰበረው ቆሞ ሳለ ነው። ያን ጊዜ የለመደውን ይዞ አድጎ ሞተር ሳይክል ላይ ወጣ። ጉድጓዱን ዓይኑ ሳያየው ወገቡ ያውቀዋል፤ ፍሬን ሲይዝ የኋላ መብራቱ ካልበራ በቀር መያዙ አይታወቅም።

ላቦራቶሪው የሰጠው ሞተር ሳይክል ባለ አራት ሲሊንደር፣ የስፖርት ነበር። ለዚህ ሥራ ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ከአገር ከሚወጣ ሰው ላይ የተገዛ ነው። ከኋላው ማቀዝቀዣ ሳጥን ታሰረለትና ሥራ ጀመረ። አራቱ ፒስተኖች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ስለሚገፉ ጉልበቱ እንደ ውሃ ይፈሳል። በአምስተኛ ማርሽ በእግረኛ ፍጥነት ቢነዱት እንኳ አያጉረመርምም። ነዳጅ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይረግባል፤ ሲሰጡት ቀስ ብሎ ይነሳል። ሐር ማርሽ የሚቀይረው በጆሮው ነበር። የሞተሩ ድምፅ ከአንዲት የሚያውቃት ልክ ሲደርስ እግሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው መርፌ ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል። መካኒኩ «ልሥራልህ?» ሲለው «ምን ሊያደርግልኝ? ጆሮ አለኝ አይደል?» ብሎ ተወው። በሞተው ቆጣሪ መስታወት ላይም የአምስቱን ክሊኒኮች ዝርዝር፣ ከነሰዓታቸው፣ በሐኪም ፕላስተር ለጠፈበት። ለዓይን የሚመች ቦታ ነበር።

የባለ አራቱ ሞተር በአንድ የዝናብ ወር ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ተፈልጎ ታጣ። ከላቦራቶሪው ጓሮ፣ ከቆርቆሮው መጠለያ ሥር ቆመ። በምትኩ ሌላ የስፖርት ሞተር ሳይክል መጣ፤ ቀይ፣ ወገበ ቀጭን፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር። አስተዳዳሪው ቁልፉን ሲሰጠው «ከድሮው ያነሰ ቢመስልም ጉልበት አለው ይላሉ» አለው። ሐር ዞሮ ዞሮ አየው። ሳጥኑን ከአሮጌው ፈትቶ አሰረለት፤ መስታወቶቹን አስተካከለ፤ የክሊኒኮቹን ዝርዝር አውጥቶ የለመደበት ቦታ ላይ፣ በስተቀኝ ባለው ክብ ቆጣሪ ላይ፣ በአራት ቁራጭ ፕላስተር ለጠፈ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።

ድምፁ የወፍራም ሰው ሳል ይመስላል። ሐር ፊቱን አኮማተረ። ነዳጅ ሰጠው፤ ሳሉ ተጠጋግቶ ተጠጋግቶ ጆሮው ወደሚያውቃት ልክ ሲደርስ ደስ አለው፤ ወጣ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ብልቃጥ ቀልቶ ተገኘ። በሁለተኛው አንድ። በሦስተኛው ቀን ተቀባይዋ ሳጥኑን ከፍታ፣ አንዱን ብልቃጥ ወደ መብራቱ አነሳችና ለብቻው ለይታ አስቀመጠችው። ሐር ገባው። ሞተር ሳይክሉ በያንዳንዱ መታጠፊያ ይጎትተዋል። ነዳጁን ሲለቀው አንድ ሰው ከኋላ ኮሌታውን የያዘው ያህል ይቆማል፤ ሲሰጠው በጥፊ እንደተመታ ይዘላል። መሪው ስለሚንቀጠቀጥ ማታ ቤቱ ሲገባ መዳፉ ይደነዝዛል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኗ ሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። ሻይ ስታቀብለው ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰማች።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ይሄ በሬ ሞተር ነው እንዲህ ያደረገኝ። ባለ አራቱ ቢሆን…»

«አራቱ፣ አራቱ፣ አራቱ! አዲስ ሚስት አግብቶ በድሮዋ ስም እንደሚጠራት ሰው አደረገህ እኮ። አዲሷ ብትሰማ ምን ትላለች?»

«ትናገራለች እንጂ። ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ነው የምትውለው።»

«እንግዲያው ምን እንደምትል ስማታ» አለችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪው ኃላፊ አስጠራችው። ኃላፊዋ በልጁ ዕድሜ ልትሆን ትችላለች፤ ቢሆንም ስትናገር ቃል አታባክንም። ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ዘጠኝ ብልቃጦች በእንጨት መደርደሪያ ቆመዋል። ሁሉም ከላይ ቀላ ብለዋል።

«ይቀመጡ ጋሼ። እነዚህ የአንድ ሳምንት ናቸው።»

«መንገዱ ተበላሽቷል። ከገበያው በታች ያለው ጉድጓድ…»

«ጉድጓዱ ባለፈው ዓመትም ነበረ።»

«ነርሶቹም ሲቀዱ አንዳንዴ…»

«ነርሶቹም እነዚያው ናቸው። ሳጥኑም ያው ነው። የተቀየረው አንድ ነገር ነው።» ብዕሯን አስቀመጠች። «ለእርስዎ ክብር አለኝ፣ ያውቃሉ። ግን እዚህ ውስጥ ዘጠኝ ሰው አለ፤ ዘጠኙም ሁለቴ ተወግቷል። እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እናያለን። ካልተስተካከለ ሳጥኑን መኪና ያመላልሰዋል፤ እርስዎ መመዝገቢያው ላይ ይቀመጣሉ። እስከዚያም የፖታሲየም ናሙና በመኪና ይመጣል።»

መመዝገቢያው ከመግቢያው በስተግራ፣ ከመስታወት ጀርባ ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ መቀመጫው ላይ አንጥፎት የነበረውን ትራስ ትቶት ሄዷል፤ መሐሉ የሰውዬውን ቅርጽ ይዞ ሰርጉዷል። ሐር ከኃላፊዋ ቢሮ ሲወጣ ዓይኑ ትራሱ ላይ አረፈ። ለራሱ ሰውነት ልክ የሚሆን መሰለው፤ ይህ ነው ያስደነገጠው።

ከምሳ በኋላ በቀጥታ ወደ መካኒኩ ሄደ። መካኒኩን ሰው «ብሎን» ይለዋል፤ ሁልጊዜ ከንፈሩ መሐል አንድ ብሎን ስለማይጠፋ ነው። ሲናገር ወደ ጉንጩ ያሻግረዋል። ከሐር ጋር የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ሳይሰዳደቡ ሰላምታ አይለዋወጡም።

«ሙሽራህን ይዘህ መጣህ?»

«ሙሽራ አይደለችም፣ መቅሰፍት ናት። ፍታትና ያለባትን ንገረኝ።»

ብሎን ካቴናውን በጣቱ አነሳው፤ ልክ ነው። ሞተሩ የታሰረባቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ ነካካ፤ ልክ ነው። ጎማውን ተጫነው፤ ፍሬኑን ያዘ፤ ለቀቀ። በመጨረሻ ሄልሜት ሳያደርግ ተነስቶ ሰፈሩን ዞሮ መጣ።

«እንግዲህ ልንገርህ» አለ እየወረደ። «ሞተር ሳይክሉ ካንተ የተሻለ ጤና አለው።»

«ይንቀጠቀጣል እኮ!»

«ሁለት ሲሊንደር ነዋ፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አንተ የምትለውን ያህል ግን አይደለም። እኔ ስነዳው እንደ በግ ነው የሄደልኝ።»

«እንግዲያው እኔ መንዳት አላውቅም በለኝ!»

«ከእኔ አፍ አልወጣም፤ አንተ ነህ ያልከው» አለና ብሎኑን ወደ ከንፈሩ መለሰ።

ሐር ተቀይሞ ሄደ። ማታ ሚስቱ ከተራረፈ ስፖንጅና ከወፍራም ጨርቅ ለሳጥኑ ውስጥ ልብስ ሰፋችለት፤ ብልቃጥ ማስቀመጫው ልክክ ብሎ የሚገባበት ኪስ ሁሉ ነበረው። ማክሰኞ በእሱ ሠራ። ሁለት ብልቃጥ ቀላ። ስፖንጁ ጉድጓዱን እንጂ ንቅጥቅጡን አልበላውም።

ረቡዕ አራተኛው ክሊኒክ ኮሪደር ላይ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ የግራ ክንዳቸውን እንደታመመ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ኩላሊታቸውን የሚታከሙ ናቸው። ነርሷ ሐርን ሳጥኑን ይዞ ሲገባ አይታ ሰላም ስትለው፣ አሮጊቷ ቀና አሉ።

«አንተ ነህ እንዴ ደሜን የምትደፋው?»

ሐር ቆመ። «አልደፋሁትም እማማ። በመንገድ ተናውጦ ነው።»

«ታዲያ ምን ለየው? ስትደፋውም የለም፣ ስትንጠውም የለም።» ክንዳቸውን ገለጡለት፤ ከክርኑ በታች ሰማያዊና ቢጫ ሆኗል። «ሁለቴ ባንተ ተወጋሁ። ሦስተኛውን በመኪና ወሰዱትና መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ሰዓቱ አልፎበታል አሉ። እኔ ደም ከየት ላምጣ? ቧንቧ መሰልኳችሁ?»

«እማማ፣ እሱን ተዉት፣ ጥሩ ሰው ነው» አለች ነርሷ።

«አንቺ ዝም በይ፣ ወጊዋ አንቺ ነሽ።» እንደገና ወደ ሐር ዞሩ። «ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃምሳ አንድ።»

«በሃምሳ አንድ ዓመት ሞተር ሳይክል ላይ ምን ትሠራለህ? ጎረምሳ ነህ?»

«ሥራዬ ነው እማማ።»

«እሺ» አሉ አሮጊቷ፤ ቁጣቸው በረድ አለ፤ ድካም ብቻ ቀረ። «እንግዲያው ሥራህን ሥራዋ።»

ሐር ናሙናዎቹን ሳጥኑ ውስጥ ደረደረ። ሳጥኑን ይዞ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ሞተር ሳይክሉ አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ኃላፊዋ ስትናገረው ውስጡ ተከራክሯት ነበር። አሮጊቷን ግን አልተከራከራቸውም።

ሐሙስ ሦስተኛው ክሊኒክ የመቀበያ ሰዓቱን ቀየረ። የላቦራቶሪው ጸሐፊ አዲሱን ዝርዝር አትማ ሰጠችው። ሐር አሮጌውን ከክብ ቆጣሪው ላይ ላጠው፤ ፕላስተሩ እየተንጫጫ ለቀቀ፤ በመስታወቱ ዙሪያ ነጭ የሙጫ ፈለግ ቀረ። አዲሱን የሚለጥፍበት ፕላስተር ኪሱ ውስጥ አልነበረም። አጥፎ ኪሱ ከተተውና ተነሳ።

የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ሲለቀው እንደ ልማዱ ነዳጅ ሰጠ። ጆሮው የሚያውቃት ድምፅ ደረሰች፤ ማርሽ ሊቀይር እግሩን ሲያነሳ ዓይኑ ሳያስበው ወደ ቆጣሪው ወረደ። መርፌው ስምንት ላይ፣ በደቂቃ ስምንት ሺህ ዙር ላይ፣ ቆሟል። ሞተሩ ሊሰበር የሚችልበት ቀዩ መስመር የሚጀምረው አሥር ላይ ነው።

ተሳሳትኩ ብሎ ማርሽ ቀይሮ ደገመው። ያችው ድምፅ፣ ስምንት። ባለ አራቱ ላይ፣ መርፌው ከመሞቱ በፊት፣ ይህች ድምፅ አራት ላይ እንደነበረች ያስታውሳል። ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን በቆመበት ቀስ እያለ አስጮኸው፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አራት ላይ ያለው ድምፅ ወፍራም፣ ሰነፍ፣ ለጆሮው ምንም የማይነግር ነበር። እሱ ይህን ድምፅ ሲሰማ ሞተሩ ሊጠፋ የተቃረበ እየመሰለው ነዳጅ ሲጨምር፣ ማርሽ ሲያወርድ ከርሟል። ከኋላው የቆመ ታክሲ ጡሩንባ ነፋ። ሐር አልሰማውም።

ብሎን ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ብሎኑን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። እንዲህ የሚያደርገው በጣም ሲገርመው ብቻ ነው።

«ቆይ። ቆጣሪው ላይ ወረቀት ለጥፈህ ነበር የምትነዳው?»

«አንተስ ሰኞ ለት ስትነዳው ወረቀቱ አልነበረም?»

«እኔማ ማስታወቂያ መስሎኝ!» ሳቁ ጋራዡን ሞላው። ሳቁን ሲጨርስ እጁን ጨርቅ ላይ ጠርጎ ከሐር ፊት ለፊት፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እየው። ይሄ ባለ አራቱ ነው።» በአራት ጣቶቹ ተራ በተራ የጠረጴዛውን ቆርቆሮ መታ፤ ጠጠጠጠ፣ ጠጠጠጠ። «ይሄ ደግሞ ባለ ሁለቱ።» ሁለት ጣቶቹን አጥፎ በቀሩት ሁለት፣ በዚያው ፍጥነት መታ፤ ጠጠ፣ ጠጠ። ግማሽ ድምፅ። «እጄ አልደከመም፣ ፍጥነቴም አልቀነሰም። ጣቶቼ ናቸው ያነሱት። አሁን ያን የመጀመሪያውን ድምፅ በሁለት ጣት አምጣ ብትለኝ…» ሁለቱ ጣቶች በእጥፍ ፍጥነት መቱ፤ ክንዱ እስከ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ወደ ጠርዙ ሄደ። ሐር ብርጭቆውን ያዘው።

«ሞተሩን እንዲህ ነው ስትገርፈው የከረምከው» አለ ብሎን። «በዚያ ዙር ላይ ነዳጁን ስትለቀው፣ ሁለቱ ትልልቅ ፒስተኖች ጎማውን አንቀው ይይዙታል። ደሙ አይቀላም ታዲያ? እኔም አብሬ በቀላሁ!»

«ጆሮ አለኝ ብዬ ነበር» አለ ሐር።

«ጆሮህማ ደህና ነው። የሚሰማው የድሮዋን ነው እንጂ።»

በዚያው ከሰዓት ሐር የኃላፊዋን በር አንኳኳ። ያገኘውን ምንም ሳያሳምር ነገራት፤ ወረቀቱን ሳይቀር። ኃላፊዋ አልሳቀችም።

«ስለዚህ አሁን ተስተካክሏል?»

«አላውቅም። ምክንያቱን ነው ያወቅሁት። እጄ ገና አልለመደም።» ሄልሜቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። «በሰው ደም መለማመድ አልፈልግም። በየቀኑ ጠዋት አንደኛው ክሊኒክ የራሴን ይቅዱልኝ። አምስቱንም ክሊኒክ አዙሬ አመጣዋለሁ፣ እናንተ አሽከርክሩት። እሱ ይንገረን።»

ኃላፊዋ አየችው። «በቀን አንድ ትንሽ ብልቃጥ። ከዚያ በላይ አልፈቅድም። የሰዉ ናሙና እስከዚያ በመኪና ይመጣል።»

ስለዚህ ዓርብ ሐር የገዛ ደሙን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ፣ የሰው ናሙና ሳይጭን የዘወትር መንገዱን ሙሉ በሙሉ ዞረው። መርፌውን ከሦስት በላይ ላለማሳለፍ ተጠነቀቀ። በባለ አራቱ እንደለመደው በአምስተኛ ማርሽ ቀስ እያለ በገበያው መሐል ሊያልፍ ሲል፣ ሞተሩ ከሥሩ ተንገዳገደ። ካቴናው ተወጥሮ ላላ፣ ተወጥሮ ላላ፤ ሞተር ሳይክሉ እንደ አንካሳ እየነጠረ ሄደ። ብልቃጡ ሲሽከረከር ከበፊቶቹ ሁሉ የባሰ ወጣ።

«የጋሽ ሐር ደም ራሱ ግትር ነው» አለች ተቀባይዋ፣ አያዝንብኝም ብላ። አላዘነባትም። ብልቃጡን ተቀብሏት በመስኮት ብርሃን አየው። የገዛ ደሙን እንዲህ አይቶት አያውቅም። አሮጊቷ እንዳሉት ነው፤ የተናጠ።

ቅዳሜና እሑድ ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ባዶ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ዋለ። ባለ ሁለቱ ከታችም ከላይም ወሰን እንዳለው አወቀ። ከሦስት ሺህ በታች አይወድም፤ ይንገዳገዳል። ከስድስት በላይ ይቆጣል። በመሐል ግን፣ አራትና አምስት ላይ፣ ሳይጠየቅ የሚመጣ ጉልበት አለው፤ ለዚያ መጮህ አያስፈልገውም። ባለ አራቱ ለመነሳት ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት፤ ይሄኛው በቆመበት ጠንካራ ነው። ነዳጅ መልቀቂያውንም እንደ አዲስ ተማረ። ድሮ ጥምዝ አድርጎ ይዘጋው ነበር፤ ባለ አራቱ ይቅር ይለዋል። አሁን ግን የመጨረሻዋን ትንሽ ሳይዘጋ ይዟት ወደ መታጠፊያ ይገባል፤ ማርሽ ሲያወርድም ፍሪሲዮኑን እያላላ በዝግታ ይለቃል። መታጠፊያውንም ከሩቅ ማሰብ ነበረበት። ሚስቱ እሑድ ምሳ ይዛለት መጥታ አጥሩ ላይ ተደግፋ ብዙ አየችው።

«ምን ትላለች?» አለችው።

«ድምፅ አይደለም፣ ምት ነው። ድም… ድም… ድም… እሱን ነው የምቆጥረው።»

«የእኔም ማሽን እንደዚያው ነው። በዓይን አትሰፋም» አለችና ሳህኑን ሰጠችው።

ሰኞ ብልቃጡ ገርጣ ያለ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ማክሰኞ፣ ከገበያው በታች አንድ ጋሪ ድንገት ገብቶበት እጁ የድሮውን አደረገና፣ እንደገና ሮዝ። ተናዶ ሄልሜቱን መሬት ላይ ሊወረውር ቃጣው፤ ሁለተኛ ሄልሜት እንደሌለው አስታወሰና አስቀመጠው። ረቡዕ ተቀባይዋ ብልቃጡን ከማሽኑ አውጥታ ወደ መብራቱ አነሳች። ቢጫ ነው። ሐር እንደገና ወደ ላይ እንድታነሳው ጠየቃት። ቢጫ ነው።

ሐሙስም ቢጫ ሆነ። ኃላፊዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። «የአራተኛው ክሊኒክ እናት፣ ክንዳቸው ትንሽ እስኪያርፍ ተጠብቆ፣ ነገ አራተኛ ጊዜ ሊቀዱ ነው» አለች። «መኪናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እርስዎ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ያመጡታል?»

ሐር «አመጣዋለሁ» ለማለት ከንፈሩን አላቀቀ፤ ከዚያ «እሺ» ብቻ አለ።

ዓርብ ጠዋት አሮጊቷ በቀኝ ክንዳቸው ነበር የተቀዱት፤ በግራው ቦታ አልቀረም። ነርሷ ሦስቴ ፈልጋ ነው ያገኘችው። ሐር በሩ አጠገብ ሳጥኑን ከፍቶ ይዞ ቆሞ ሳለ አዩት።

«ደግሞ አንተ?»

«ደግሞ እኔ፣ እማማ።»

«ከመኪናው ትሻላለህ?»

«ሳምንቱን በራሴ ደም ስለማመድ ነበር።»

አሮጊቷ ነርሷን አዩ፤ ነርሷ አዎን አለች። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳያቸው፤ የሱም ሰማያዊና ቢጫ ሆኗል። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

«ያንተ ይሻላል፣ ቆዳህ ወፍራም ነው» አሉ። ከዚያ ብልቃጡን ራሳቸው ከነርሷ እጅ ተቀብለው ሰጡት።

ሐር ሚስቱ በሰፋችለት ኪስ ውስጥ አስገባው። ሞተሩን አስነስቶ ሳሉ እስኪረጋ ጠበቀ። ከግቢው ሲወጣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ከመብራቱ በኋላ ሦስተኛ። ጆሮው ያችን የድሮ ቀጭን ድምፅ አሁንም ይፈልጋታል፤ እጁ ግን አልታዘዘውም። ከገበያው በታች ያለውን ጉድጓድ በግራ አለፈው። ባንኩ ፊት ለፊት አንድ አውቶቡስ መንገድ ዘግቶ ቆመ፤ ሐር ከሩቅ አይቶት ስለነበር ነዳጁን በዝግታ ቀንሶ፣ ፍሬን ሳይነካ ማለት ይቻላል፣ ከኋላው ደርሶ ቆመ። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ፈጀበት። ሁለት ደቂቃ ዘገየ፤ ቅር አላለውም።

ብልቃጡን ኃላፊዋ ራሷ ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። አሥር ደቂቃ ይሽከረከራል። ሐር መመዝገቢያው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ትራሱን ከመስታወቱ ጀርባ ያየዋል። ተነስቶ ቦታ ቀየረ።

ኃላፊዋ ወጣች። ብልቃጡን አላመጣችውም። «ንጹሕ ነው» አለች። «ውጤቱ ለሐኪማቸው ተልኳል። ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሁሉም በእርስዎ ይምጣ። ፖታሲየሙም።»

«እሺ።»

«ጋሼ፣ ወረቀቱን…»

«የነዳጅ ታንኩ ላይ ነው የለጠፍኩት።»

ከሰዓት በኋላ አራተኛው ክሊኒክ ሲደርስ ነርሷ መስኮቱን ከፍታ ጠራችው። አሮጊቷ ውጤታቸውን በስልክ ሰምተዋል።

«ምን አሉ?»

«‹ንገሪው› አሉኝ። ‹በርታ በይው። ግን እስከ ሦስት ወር ድረስ ዓይኑን እንዳላየው!›»

ሐር ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሳቀ። ሳጥኑን ዘግቶ ወረደ። ቆጣሪው ዙሪያ የቀረው የፕላስተር ሙጫ አቧራ ይዞ ጥቁር ክፈፍ ሆኗል፤ ሊያጸዳው አስቦ ተወው። ሞተሩን አስነሳ፤ መርፌው በክፈፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ረጋ። አምስተኛው ክሊኒክ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።